የአጎቴ የጌም ማሽን፦ ልጠግነው፣ የውስጡን ልቀይረው ወይስ አዲስ ይላክልኝ?

«ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። የ34 ዓመት ሰው ነኝ። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ደሴ፣ ሸዋበር አካባቢ እኖራለሁ። የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። አጎቴ አሜሪካ ብዙ ዓመት ኖሮ ጠቅልሎ ሲገባ ከቤት ዕቃው ጋር አንድ ትልቅ የጌም ማሽን አምጥቶ ነበር። ቆመው የሚጫወቱት፣ ሳንቲም የሚጎርስ ዓይነት ነው። ሚስ ፓክማን ይባላል። ልጅ ሆኜ ክረምት ኮምቦልቻ ስወርድ ቅዳሜ ቅዳሜ ይከፍትልን ነበር። የአሜሪካ ሳንቲም ለያንዳንዳችን ያድለንና እንጫወታለን።

በ2014ቱ ጦርነት ቤቱ ሲዘረፍ ቴሌቪዥኑም ፍሪጁም ተወሰደ። ማሽኑ ግን ከብዶ ቀረ። ከአጠገቡ የነበረችው ትራንስፎርመር የለችም። አሁን አይበራም። አጎቴ አርጅቷል፤ ‹ካልወሰድከው ለማገዶ እፈልጠዋለሁ› ብሎኛል። ኤሌክትሮኒክስ የሚሞካክር ጓደኛዬ የኋላውን ከፍቶ አየና ‹ፎርጅድ ነው፤ ዋናው ቦርድ የፓክማን ነው፣ ላዩ ላይ ሌላ ትንሽ ቦርድ ቀጥለውበታል› አለኝ። ‹የውስጡን አውጥተን ፍላት ስክሪንና ሺህ ጌም ያለው ቦርድ እንክተትበት› ይላል። አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ደግሞ ‹ጣለውና አዲሱን እልክልሃለሁ፤ ቁርጥ እሱን ነው የሚመስለው› ይለኛል። ባለቤቴ ሳሎናችን ጠባብ ነው ትላለች። እኔ ማሽኑን ሳየው ሆዴ ይባባል። ምን ይሻለኛል?»

አብሽር ወንድሜ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አስደነገጠችኝ፤ «ትራንስፎርመር የለችም» ያልካት። ሌላውን ሁሉ ላቆየውና ከሷ ልጀምር።

ማሽኑን ሶኬት ላይ እንዳትሰካው። ለአሜሪካ መብራት፣ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። የኛ ግድግዳ የሚሰጠው 220 ነው። «አሁን አይበራም» ስትል ያለ ትራንስፎርመር ሞክረኸው ይሆን ብዬ ፈራሁ። ሞክረኸው ከሆነም ተስፋ አትቁረጥ። ፊውዝ የተቀመጠው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ግን የተቃጠለ ፊውዝ በሽቦ ቋጥሮ እንደገና መሞከር የሚባል ነገር አይታሰብ። ይሄ ልማድ በየቤታችን ስንት ዕቃ በልቷል! 220ን ወደ 110 የሚያወርድ፣ 500 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ፈልግ። ለዚህ ማሽን ይተርፈዋል። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ መሆኑንም፣ የኛ 50 መሆኑንም ልብ በል። ጨዋታው በዚህ ምክንያት አይዘገይም፤ ፍጥነቱን የሚቆጥረው ቦርዱ ላይ ያለ ክሪስታል ነው። ማሽኑ ውስጥ ያለው የራሱ ትራንስፎርመር ግን በ50 ኸርዝ ትንሽ ሞቅ ይላል። ስለዚህ በርቶ አይደር። ጀርባውም ከግድግዳ ራቅ ብሎ አየር ያግኝ።

አሁን ወደ ጓደኛህ። ማሽንህ ፎርጅድ አይደለም። ጓደኛህ ያየው ነገር እውነት ነው፤ ትርጉሙን ነው የሳተው። ታሪኩን ስትሰማ ደስ ይልሃል ብዬ ሰፋ አድርጌ ልንገርህ።

ፓክማንን፣ ያንን ጠመዝማዛ መንገድ ውስጥ ነጥብ እየለቀመ የሚበላውን ጌም፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው የጃፓኑ ናምኮ ነው። አሜሪካ ውስጥ ያመረተው ሚድዌይ የሚባል ኩባንያ ነበር። ማሽኑ አገሩን አጥለቀለቀው። ሰው ሲለምደው ግን መንገዱን በቃሉ ያዘና የማጫወቻ ቤት ባለቤቶቹ ሳንቲም ቀነሰባቸው። ይህን ጊዜ ማሳቹሴትስ ውስጥ ትምህርታቸውን ያቋረጡ የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያቋቋሙት ጄኔራል ኮምፒዩተር ኮርፖሬሽን የሚባል ትንሽ ድርጅት አንድ ነገር ሠራ። የነበረውን የፓክማን ማሽን ሳይጥሉ፣ ላዩ ላይ ትንሽ ቦርድ ሰክቶ ጨዋታውን አዲስ ማድረግ። «ክሬዚ ኦቶ» አሉት። ይዘውት ወደ ሚድዌይ ሄዱ። ሚድዌይ ወደደው። ገጸ ባሕሪዋን ቀየሩ፤ ጸጉሯ ላይ ቀይ ሪባን አሰሩላት። በ1982 ሚስ ፓክማን ተብላ ወጣች። ከ100 ሺህ በላይ ማሽን ተሠራ።

ታዲያ ያ ጓደኛህን ያጠራጠረው ነገር ምን እንደሆነ ገባህ? ዜድ 80 የሚባለው ዋና ቺፕ ከታችኛው የፓክማን ቦርድ ይነቀልና ትንሿ ቦርድ ላይ ይቀመጣል። ትንሿ ደግሞ በጠፍጣፋ ኬብል በቺፑ ቦታ ትሰካለች። ሚስ ፓክማን ከፋብሪካ ስትወጣም እንዲህ ሆና ነው የወጣችው። ያቺ ቦርድ እትብቷ ናት። ባታገኛት ነበር መጠርጠር የነበረብህ። ደግሞ የማሽኑን ጎን በጥፍርህ ዳሰስ አድርገው። የድሮው ሥዕል እንጨቱ ላይ በቀለም የተሠራ እንጂ ተለጣፊ አይደለም። ከኋላ ሴሪያል ቁጥር የያዘች ትንሽ ታርጋም ፈልግ። ዛሬ ሥዕሉም፣ የላይኛው የሚበራው ሰሌዳም እንደ አዲስ እየታተመ ይሸጣል። ስለዚህ የድሮ ማሽን ሰብሳቢዎች ውበቱን አይተው አያምኑም። የተላጠውን ቀለም፣ ታርጋውን፣ የሳንቲሙን በር እልፍ ጊዜ የተነካ ጠርዝ ነው የሚያዩት።

ጓደኛህ ብልህ ከሆነ፣ ይህን ታሪክ ስትነግረው መልሶ ይይዝሃል። «ያኔም የውስጡን ቀይረው ከሆነ፣ እኛ ብንቀይረው ምን ነውር አለው?» ይልሃል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዶንኪ ኮንግ የሚባለው ጌምም እንዲሁ ነው የጀመረው። የጃፓኑ ኩባንያ ኒንቴንዶ ራዳር ስኮፕ የሚባል ማሽን አሜሪካ ልኮ 2,000 ያህሉ ሳይሸጥ ቀረበት። በ1981 የነዚያኑ ማሽኖች ውስጥ ለውጦ ዶንኪ ኮንግ አደረጋቸው፤ ኩባንያውንም አተረፉት። እንግዲህ ማሽን መለወጥ በራሱ ኃጢአት ሆኖ አያውቅም። ያኔ ግን ማሽኑ የንግድ ዕቃ ነበር፤ በየፒዛ ቤቱ፣ በየልብስ ማጠቢያው ሞልቶ ነበር። ያንተ ኮምቦልቻ ውስጥ ብቻውን ነው የቆመው። የውስጡ አንዴ ከወጣና ከተበተነ የሚመልሰው የለም።

ሌላም ጓደኛህ ያላሰበው ነገር አለ። ይህ ማሽን ያለው ጆይስቲክ ብቻ ነው። ከማስጀመሪያው መጫኛ በቀር የሚተኮስበት፣ የሚዘለልበት በተን የለውም። ሺህ ጌም ያለው ቦርድ ስታስገባ ከነዚያ ጌሞች ብዙዎቹ በተን ይፈልጋሉ። ስትሪት ፋይተር 2 ለአንድ ሰው 6 በተን ይጠይቃል። ስለዚህ ድሪል ይመጣል። የፊቱ ሰሌዳ ይበሳል። ስክሪኑም ለዚህ ጨዋታ ተብሎ በጎኑ የቆመ ነው፤ ብዙው ሌላ ጌም የተሠራው ለጋደመ ስክሪን ነው። ስለዚህ መጋዝም ይመጣል። ሲያልቅ ቀዳዳ የበዛበት ሳጥን ውስጥ በትንሹ የሚታይ ሥዕል ይኖርሃል። እነዚያ ቦርዶች ላይ ያሉት ጌሞች ደግሞ አብዛኞቹ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተገለበጡ ናቸው።

ይህን ያህል የምለፋው ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ያደግኩት ደሴ ነው፤ ሆጤ። አባቴ ትልቅ የእንጨት ሬዲዮ ነበረው። ሲከፈት ወዲያው አይናገርም። ቱቦው እስኪሞቅ ትጠብቃለህ፤ መጀመሪያ አረንጓዴ ዓይኑ ቀስ ብሎ ይበራል፣ ከዚያ ድምፅ ይመጣል። ሲበላሽ እኔና ወንድሜ ለዓመት በዓል ልናስደስተው አንድ ሱቅ ወሰድነው። ሰውዬው «የዚህ ዕቃ አይገኝም» አለን። የውስጡን አውጥቶ ፍላሽ የሚቀበል አዲስ ቦርድ ገጠመበት። ድምፁ ጥርት ያለ ሆነ። አባታችን መረቀን። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ቀን ሲከፍተው አላየሁም። ማታ ማታ ከፊቱ ተቀምጦ ዓይኑ እስኪበራ የሚጠብቅበት ጊዜ ነበር የሱ ሬዲዮ። የውስጡን ልናስመልስ ሱቁ ስንሄድ ለቁራሌው ሸጦታል። እኛም አልጠየቅነው፤ እሱም አልነገረን። አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

ስለዚህ ምክሬ፦ ጠግነው። ደግሞ ይቻላል። እንዲያውም አሜሪካ ካለው የአጎትህ ልጅ ይልቅ አንተ ዕድለኛ ነህ። እዚያ ያሉ ሰብሳቢዎች የሚጠግን ሰው አጥተው ቦርዳቸውን በፖስታ ሌላ ግዛት ድረስ ይልካሉ። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ግን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰዎች ዛሬም ሱቃቸው ውስጥ አሉ። ጀርባው ወፍራም የሆነውን የድሮ ቴሌቪዥን እልፍ ጊዜ ከፍተው የዘጉ ናቸው። አሁን የሚመጣላቸው ቻርጀርና ሪሲቨር ነው። ፍላይባክ (ለቱቦው ትልቁን ቮልት የሚያመነጨው ዕቃ) የሚል ቃል ስትጠራላቸው ፊታቸው ይበራል። ከነሱ አንዱን አጠያይቀህ አግኝ። ዛሬ ነገ አትበል፤ ከነሱ በኋላ ይህን ሙያ የተማረ ወጣት ብዙ የለም።

ስታገኘው እንዲህ በለው። ስክሪኑ 19 ኢንች ቱቦ ነው፤ በጎኑ ቆሟል። ጣቢያ መፈለጊያ የለውም። ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ምልክት በየራሱ ሽቦ ከቦርዱ ይቀበላል። ከዚህ በቀር የሚያውቀው ቴሌቪዥን ነው። ከ40 ዓመት በላይ የሆናቸው ካፓሲተሮች (ቻርጅ የሚይዙት ትንንሽ ዕቃዎች) ደርቀው ይሆናል፤ እነሱን መቀየር ብቻውን ብዙ ጊዜ የሞተ የመሰለ ስክሪን ያስነሳል። ማሽኑ ውስጥ ያለውን ትራንስፎርመር «ትርፍ ነው» ብሎ እንዳያልፈው ንገረው። ስክሪኑን ከግድግዳው መብራት የሚለየው እሱ ነው፤ ያለ እሱ ብረቱ ሰው ይመታል።

የዚህ ማሽን የታወቀ በሽታ ግን ሌላ ቦታ ነው። ቦርዱ ጠርዝ ላይ የሚሰካውን ረጅሙን ማያያዣ ተመልከቱ። መብራቱ ገና ሳይጣራ በዚያ በኩል ነው ቦርዱ ላይ የሚገባው። ማያያዣው በዓመታት ይሞቃል፣ ይጠቁራል፣ ይቃጠላል። «አይበራም» ከሚባሉት የፓክማንና የሚስ ፓክማን ማሽኖች ብዙዎቹ የሚያማቸው እዚህ ነው። ማያያዣው ይቀየራል፣ የቦርዱ ጠርዝ ይጸዳል። ውድ ነገር አይደለም።

አደራ የምልህ፣ አንተም ጓደኛህም ስክሪኑ ጀርባ እጃችሁን አታስገቡ። እየሠራ ሳለ ቱቦው 20 ሺህ ቮልት ገደማ ይይዛል። ከመብራት ከተነቀለም በኋላ ቻርጁ ሊቆይ ይችላል። ባለሙያው መጀመሪያ እሱን ያወርደዋል። የቱቦው አንገት ደግሞ ቀጭን ብርጭቆ ነው፤ በክርን ነካ ካደረጉት አለቀ። እንዲህ ያለ ቱቦ ዛሬ እንደ አዲስ የሚያመርትልህ ፋብሪካ የለም። ክፉ ቀን መጥቶ ቱቦው ራሱ ከሞተ፣ በየቤቱ መጋዘን የተጣሉትን የድሮ ቴሌቪዥኖች አስብ። መጠኑና የአንገቱ መሰኪያ ከገጠመ የቴሌቪዥን ቱቦ እዚህ ማሽን ላይ ሊሠራ ይችላል። ሰብሳቢዎች ያደርጉታል። እሱም ካልሆነ ያን ጊዜ ፍላት ስክሪን ይግባ፤ ጓደኛህም የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ግን አንድ እንጨት ሳይቆረጥ፣ የወጣው ሁሉ በካርቶን ታሽጎ፣ ስም ተጽፎበት። ማንኛውንም ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት ደግሞ በስልክህ ፎቶ አንሳ። እያንዳንዱን ሽቦ።

የአጎትህን ልጅ እንዳትቀየመው። አዲሶቹን እኔ አልንቃቸውም። አርኬድዋንአፕ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ማምረት የጀመራቸው ናቸው። ከድሮው ሦስት አራተኛ ያህል ናቸው፤ ቁመታቸው 1.2 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሰው ይሸከማቸዋል፤ ያንተ ከ100 ኪሎ በላይ ነው። ዋጋቸው በመቶዎች ዶላር ነው፤ የሚሠራ የድሮ ማሽን ደግሞ ሺዎችን ይጠይቃል። ሰብስበህ ገጥመህ በዚያው ቀን ልጆችህ ይጫወታሉ። የሚያስፈራ ቮልት የለም። ውስጡ ግን የድሮውን ጨዋታ የሚያስመስል ትንሽ ኮምፒዩተር ነው፤ ሥዕሉም በፍላት ስክሪን ላይ ነው። በቱቦ ላይ ነጥቦቹ ከጨለማው ውስጥ ራሳቸው የሚያበሩ ይመስላሉ። ይህን ያላየ ሰው አይናፍቀውም፤ ያየ ግን ያውቀዋል። አንተ አይተኸዋል።

ማሽን ባይኖርህ ኖሮ ያለ ምንም ማመንታት «ይላክልህ» እልህ ነበር። አለህ። ስለዚህ ለአጎትህ ልጅ እንዲህ ብለህ ጻፍለት፦ ያን ገንዘብ አታውጣ፤ ሻንጣ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ፓኬት ላክልኝ። የጠርዙ ማያያዣ። ለስክሪኑ የሚሆኑ ካፓሲተሮች፤ ከማዘዙ በፊት ግን ስክሪኑ ጀርባ የተጻፈውን ስም፣ ዌልስ ጋርድነር ይሁን ኤሌክትሮሆም፣ ፎቶ አንስተህ ላክለት፤ የየራሳቸው ነው። አንድ ጆይስቲክ፤ በአራት አቅጣጫ ብቻ የሚሄደውን ይምረጥ፤ ስምንት አቅጣጫ ያለው እዚህ ጨዋታ ላይ መታጠፊያው ላይ ይይዝሃል። ጥቂት ፊውዝ። ለሳጥኑ ጠርዝ የሚሆን አዲሱን ላስቲክም ካገኘ ይጨምርበት። አየህ፣ እነዚህ ሁሉ ዛሬ እንደ አዲስ የሚመረቱ ኮፒዎች ናቸው። ለኮፒው ገበያ ምስጋና ይግባውና ነው የድሮዎቹ በሕይወት ያሉት። ኮፒ ጆይስቲክ ማሽንህን ፎርጅድ አያደርገውም። የድሮውን ጆይስቲክ ግን አትጣለው፤ ካርቶኑ ውስጥ ይግባ።

ባለቤትህ እውነቷን ነው። ሳሎን ውስጥ 1.75 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ሳጥን ማቆም ቀላል አይደለም። ደግሞ አሁን ወደ ደሴ አታምጣው። ደሴን ታውቃታለህ፤ ነሐሴ ላይ ጉሙ በር ከፍቶ ይገባል። የነዚህ ማሽኖች እንጨት ወይ ኮምፔንሳቶ ወይ ችፑድ ነው፤ ችፑድ እርጥበት ከጠጣ እንደ ዳቦ ያብጣል። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ሞቅ ያለና ደረቅ ነው። አንተም ሥራህ እዚያው ነው። አጎትህ ቤት እንዳለ ይጠገን። ከሥራ ስትወጣ ጎራ እያልክ ከባለሙያው ጋር ትቆያለህ። ከሥሩ ሁለት ጣውላ አስገባበት፤ ወለሉ ሲታጠብ ውሃው እንዳይነካው። አንድ ቀን ሲሠራ፣ ባለቤትህም መጥታ ስትጫወት፣ የት እንደሚቆም ያኔ አብራችሁ ትወስናላችሁ። ያኔ ወደ ደሴ የሚመጣ ከሆነ ሐረጎን በአይሱዙ ስትወጡት ቆሞ ይታሰር እንጂ አይጋደም። ቦርዱን አስቀድመህ አውጥተህ በብርድ ልብስ ጠቅልለህ ከጎንህ፣ ጋቢና ውስጥ ያዘው።

አጎትህ የቀረ። «ለማገዶ እፈልጠዋለሁ» ያለህን ቃል እንዳለ አትውሰደው። ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝን የጨዋታ ሳጥን ባሕር አሻግሮ ያመጣ ሰው ነው። በየቅዳሜው ልጆች ሰብስቦ ሳንቲም ያደለ ሰው ነው። ዘረፋውንም አልፎ ከቤቱ የተረፈለት እሱ ነው። የሚፈልግለት ሰው መኖሩን ለማወቅ የጠየቀህ ይመስለኛል። ዛሬውኑ ደውልለት። «እወስደዋለሁ፣ ግን እዚያው አንተ ቤት ላሠራው፣ ጥቂት ወር ታገሠኝ» በለው። ያቺ የጠፋች ትራንስፎርመር ስንት ዋት እንደነበረች ጠይቀው። ማሽኑን ከማን እንደገዛው፣ በስንት እንደገዛው ያውራህ፤ ስልክህ ላይ ቅዳው። እንዲህ ያለው ወሬ ከሴሪያል ቁጥሩ ታርጋ እኩል የማሽኑ አካል ነው።

አንድ ነገር አትርሳ፤ ቁልፎቹን ጠይቀው። የኋላው በር ቁልፍ አለው፣ የሳንቲሙም በር ሌላ ቁልፍ አለው። ጓደኛህ የሳንቲሙን በር በድሪል ከመክፈቱ በፊት አጎትህ መሳቢያው ውስጥ ይፈልግ። ቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ ስዊች ነካ አድርጎ ማሽኑን ያለ ሳንቲም ማጫወት ይቻላል። እኔ ግን እንደዚያ አታድርጉት እላለሁ። የታችኛውን የሳንቲም ሳጥን ስትከፍቱት እናንተ ልጆች የከተታችኋቸው የአሜሪካ 25 ሳንቲሞች እዚያው ሊኖሩ ይችላሉ። ለልጆችህ የሚያድላቸው አጎትህ ይሁን።